ናፍጣ የገባበት የአባታችን ጉድጓድ

ለምትናፍቀኝ ወንድሜ ለኢስማኤል፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ጤናህስ እንዴት ነው? የጂዳ ሙቀት በረድ አለልህ? ያምህ የነበረው ወገብህስ ተሻለህ? እኛ በአላህ ቸርነት በሕይወት አለን፤ ደህና ነን ብዬ ግን አልዋሽህም።

አባታችን፣ አላህ ይዘንለትና፣ ያስቆፈረው የጓሮው ጉድጓድ ተበላሽቷል። ክረምቱ ሲወጣ ውኃው ናፍጣ ናፍጣ ይሸት ጀመር። ባልዲው ነው ብለን ቀየርነው፤ ያው ነው። በአጥሩ በኩል ያለው ቃሪያና ጎመን ከሥሩ ጠቆረ። ከእኛ እየቀዳች የምትጠጣው ጎረቤታችን እታለማሁ ሕፃን ልጇ ሲያስመልሰው ሰንብቶ ሆስፒታል ገባ፤ አልተረፈም። ሐኪሞቹ ምክንያቱን ለይተው አልነገሯትም። እማዬ ግን የቀብሩ ዕለት "በእጄ ቀድቼ የሰጠኋት እኔ ነኝ" እያለች ስታለቅስ ዋለች።

ከአጥራችን ማዶ ያለው ማደያ የማን እንደሆነ ታውቃለህ፤ የእጮኛህ የዋሂዳ አባት የሐጂ ሙሐመድሰዒድ ነው። ለውኃ ጽሕፈት ቤቱ ላመለክት ስነሣ እማዬ "የልጄን ኒካህ አታፍርሺብኝ" ብላ ለመነችኝ። የእታለማሁን ፊት እያየሁ ዝም ማለት አቃተኝና ሄድኩ።

ነገሩ በሐጂ ቤት በሽማግሌ ሲታይ እኔም ነበርኩ። ሐጂ "መሬት ውስጥ የተቀበረው ታንከሬ ጠብታ አያፈስም፤ ከመንገድ የገባ ጎርፍ ነው" አሉ። ሽማግሌዎቹ ሊቀበሏቸው ሲሉ፣ ሻይ ይዛ የገባችው ዋሂዳ ትሪውን አስቀመጠችና "አባባ፣ ናፍጣው ሳይሸጥ ሲጎድል አብረን እየለካን አልነበረም ወይ? እስከ በጋ እንታገሥ ያሉኝ እርስዎ አይደሉም?" አለች። ሐጂ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩአት "ከቤቴ ውጪልኝ" አሏት።

ታንከሩ ተቆፍሮ ወጣ፤ ሆዱ በዝገት ተበልቷል። ከውኃ ጽሕፈት ቤቱ የመጣው ባለሙያ ግን አፈር ውስጥ የሰረገው ናፍጣ በእኛ ዕድሜ ስለመጥፋቱ ቃል ልሰጣችሁ አልችልም አለን። ጉድጓዱን በድንጋይ ሞላነው። አሁን ሠፈሩ ሁሉ ጀሪካን ይዞ ቦኖ ይሰለፋል። እታለማሁ ከሩቅ ስታየን መንገድ ትቀይራለች፤ አልፈርድባትም።

ሐጂ መተጫጨታችሁ ፈርሷል ብለው ላኩብን። ዋሂዳ አዲስ ቅዳም ከተማ አክስቷ ዘንድ ናት። ልጠይቃት ሄጄ "ሁሉንም ጻፊለት፤ ካፈረብኝም ይንገረኝ፣ አልቀየመውም" ብላኛለች። ሐጂ ስልኳን ስለቀሟት የአክስቷን ቁጥር ከወረቀቱ ጀርባ ጽፌዋለሁ። ወንድሜ፣ መልሱን በእኔ በኩል አትላክ፤ ለራሷ ንገራት።

ታናሻችን ሐያት ናፍቀኸኛል ትልሃለች። አብረውህ ላሉት የአገራችን ልጆች ሰላምታዬን አድርስልኝ። እማዬ ዱዓዋ አይለይህም፤ የትም ሆነህ ውኃ ከመጠጣትህ በፊት አሽትተው ብላሃለች።

እህትህ ዋሲላ
ዳንግላ፣ ኅዳር 9 ቀን 2010 ዓ.ም.