አንድ ትልም ቀረን፦ የመምህርት አሰፋሽ ደሞዜ የሕይወት ታሪክ

ወገኖቼ፣ አሁን የማነበው ሁሉ እውነት ነው። እኔ የሟች ታናሽ ወንድም ይታገሱ ደሞዜ፣ ወሬ ጨምሬ እንደማወራ ከመርሳ እስከ ሐራ ገበያ የማያውቅ የለም። ዛሬ ግን ባባቴ መቃብር እምላለሁ፣ አንዲት አልጨምርም። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ስለቀረ የሳትኩትን ሆሄ ይቅር በሉኝ።

መምህርት አሰፋሽ ከአባታቸው ከአቶ ደሞዜ ደምሴና ከእናታቸው ከወይዘሮ በላይነሽ ይመር፣ በየጁ አውራጃ ከውርጌሳ ከፍ ብላ ባለች መንደር በ1955 ዓ.ም. ተወለዱ። ሲወለዱ አላለቀሱም፤ ይልቅስ የምትጮኸውን አዋላጅ ትክ ብለው አይተው ዝም አሰኟት። እናታችን ናቸው የነገሩኝ፣ እኔ የለሁበትም።

አንደኛ ደረጃን በውርጌሳ፣ ሁለተኛ ደረጃን በወልድያ ተምረው በ1974 ዓ.ም. አስራ ሁለተኛን አጠናቀቁ። በ1978 ዓ.ም. ከአቶ ሳሙኤል አስማረ ጋር ጋብቻ ፈጽመው አንዲት ልጃቸውን ሃናን አፈሩ። በ1986 ዓ.ም. ደግሞ መርሳ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ዳር ባለ መዋዕለ ሕፃናት በመምህርነት ተቀጠሩ።

እዚያ ክፍሉ አንድ፣ መምህርቷ አንድ፣ ልጁ ግን ጎርፍ ነበር። ፊደል ሲያስቆጥሩ ልጁ ደህና ነው፤ ሲጫወትም ደህና ነው። መከራው መሀሉ ላይ ነው፣ ጨዋታ ቆሞ ወደ ክፍል ሲገባ። አንዱ መሬት ተንከባሎ ያለቅሳል፣ አንዱ ይናከሳል፣ አንዱ ዛፍ ላይ ይወጣል። በዚያችው ሰዓት ደግሞ ከደሴ ወደ ወልድያ የምታልፈው አውቶቡስ ጡሩምባዋን ትነፋለች። የመርሳ ልጅ እናቱ ማንጎና ብርቱካን ይዛ ወደ አውቶቡስ መስኮት ስትሮጥ እያየ ያደገ ነውና ጡሩምባ ከሰማ እግሩ አይያዝም።

በ1990 ዓ.ም. ጀብሪል የተባለ ሕፃን በዚያች ግርግር ከበሩ አምልጦ አስፋልት ገባ። አውቶቡሷ አንድ ክንድ ሲቀራት ቆመች። ሹፌሩ ከመሪው እስኪወርድ ድረስ ፀጉሩ ሸበተ፣ ያየ ይመስክር። የልጁ እናት ወይዘሮ ቡርቱካን ነጠላዋ እየተጎተተ መጥታ፣ "እትዬ አሰፋሽ፣ ልጄን ለፊደል ነው ለጎማ የሰጠሁዎት?" አለቻቸው። ከዚያ ወዲያ እህል አልወርድ አላቸው። "አለንጋ ይያዙ" ሲሏቸው እንቢ አሉ፤ ጮኸው ሞከሩ፤ ከረሜላም ሞከሩ፤ ከረሜላው ጭራሽ ጦርነት አስነሳ።

ሥራውን ሊተዉ ቆርጠው አባታችን ማሳ ዘንድ ሄዱ። አባታችን እያረሱ ነበር። በሬዎቹን ሳይፈቱ አስቀድመው "አይዞህ፣ አንድ ትልም!" ይሏቸዋል። "ምነው አባባ፣ በሬ ይሰማል?" ቢሏቸው፣ "ድንገት ካቆምኩት ያኮርፋል፣ ሞፈር ይሰብራል። አንድ ትልም ቀረ ካልኩት ግን ልቡ ቀድሞ ይፈታል" አሏቸው።

እህታችን ይህችን ይዘው መርሳ ተመለሱ። አውቶቡሷ ከመድረሷ በፊት አንድ ጣት አንስተው "አንድ ትልም ቀረን!" ይላሉ። የሚሮጠው አንድ ዙር ይሮጣል፣ ጭቃ የሚያቦካው አንዲት ጭብጥ ይጨምራል። ከዚያ "ቀንበር ግቡ!" ይባልና ሯጩ ከረጋው ጋር ተጠምዶ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ይገባሉ። ጡሩምባ ቢነፋ ዞር የሚል ጠፋ። የጎረቤት ዶሮዎች ሳይቀሩ ጥንድ ጥንድ ሆነው ሲገቡ በዓይኔ አይቻለሁ። የአውቶቡሱ ረዳት ተናዶ፣ "እነዚህን ልጆች ምን አቅምሰዋቸው ነው?" እስከ ማለት ደርሶ ነበር።

በ2006 ዓ.ም. ድምፃቸው ሻከረ። ሐኪም ጉሮሯቸው ውስጥ ክፉ ነገር አየ፤ ይቆረጥ፣ ድምፅዎ ይሄዳል፣ እርስዎ ግን ይተርፋሉ አላቸው። እኔም እግራቸው ላይ ወድቄ ለመንኳቸው። "ይታገሱ፣ ድምፄን ሰጥቼ ብድን ያቺን ሰዓት በምን ላሻግራቸው? ምትክ መምህር ይምጣና እታከማለሁ" አሉኝ። ምትክ ሳይመጣ ዓመቱ አለቀ። በሽታው ግን ምትክ አልጠበቀም፤ ድምፃቸውንም ወሰደ፣ የመዳኛውንም ጊዜ ወሰደ።

በሰኔ 2007 ዓ.ም. ለመጨረሻ ጊዜ ሲያስተምሩ ድምፅ አልነበራቸውም። ዝም ብለው አንድ ጣት አነሱ። ልጆቹም ሁሉ ጸጥ ብለው ተጣምደው ገቡ።

መምህርት አሰፋሽ በሕክምናና በጸበል ሲረዱ ቆይተው ጥቅምት 19 ቀን 2008 ዓ.ም. በተወለዱ በ53 ዓመታቸው አርፈዋል። ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን ሃናን፣ እኔንና የመርሳን ሁለት ትውልድ ትተውልን ሄደዋል።

ወገኖቼ፣ ባባቴ መቃብር ምዬ ነበር። አንዲት ጨምሬአለሁ። በዚያች በሰኔዋ ቀን ልጆቹ ጸጥ አላሉም። ጣታቸውን ያየ የለም፤ ጡሩምባው ሲነፋ ግር ብለው ወደ በሩ ሮጡ። ምሳ ይዤላቸው ስደርስ እህቴ በሩን በጀርባቸው ደግፈው ቆመዋል። ከንፈራቸው "አንድ ትልም፣ አንድ ትልም" ይላል፤ ድምፅ የለም፤ እንባ ብቻ።

ስለዚህ እናንተ እሳቸው ያሳደጓችሁ፣ የአስከሬን ሳጥኑን የያዝከው አንተ ጀብሪልም፣ ውሸቴን እውነት አድርጉልኝ። ከዚህ እስከ መቃብሩ አንድ ትልም ቀርቷቸዋል። ጥንድ ጥንድ ሆናችሁ አድርሷቸው፤ አውቶቡስ ቢያልፍ ማንም ዞር እንዳይል።

ነፍሳቸውን ጡሩምባ ከማይረብሻት ደጅ ያስገባልን። አሜን።