ከሃምሳ ዓመት በኋላ የደረስኩት ለቅሶ

ረቡዕ፣ ጥቅምት 28 ቀን 1988

ምላሴ ዛሬ ጉድ ሠራኝ። የፊት ለፊት ጎረቤቴን ሃሪን ሊፍት ውስጥ አገኘሁት። እዚህ ካናዳ በጦርነት ለሞቱት መታሰቢያ የሚያደርጓትን ቀይ አበባ ደረቱ ላይ ሰክቷል። እኔና እሱ ሳንነካካ አንውልም። በጣልያን ጊዜ ለእንግሊዝ ጦር በቅሎ እነዳ ስለነበር "ጄኔራል በቅሎ" ይለኛል። እኔም ዛሬ፣ "የእንግሊዝ ንጉሥ ከባሕር ማዶ ሲያፏጭ እናንተ ካናዳዎች ጅራታችሁን እየቆላችሁ ሮጣችሁ" አልኩት።

አልሳቀም። "ወንድሜም ሄዷል። አልተመለሰም" ብሎ ወረደ። የእኛ ፎቅ ግን አልነበረም።

ሐሙስ

የሃሪን በር አንኳኳሁ፤ ዝም። ልቡን ያመዋል፣ የሚኖረውም ብቻውን ነው። ወድቆ ቢሆንስ?

ያኔ አብረውን የዘመቱት ደቡብ አፍሪካዎች እንግሊዞቹን ሲያሟቸው ይውሉ ነበር። ሌላ ሰው እንግሊዞቹን ሲያማባቸው ግን ለዱላ ይነሳሉ። ይህን እያወቅኩ ምላሴን አልያዝኩም!

የልጅ ልጄ ቤቲ፣ "አባባ፣ ሶሪ በለው በቃ! ካርድ ግዛለት" አለችኝ።

"ልደቱ ነው እንዴ?"

ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

ዓርብ

የትናንቱ ጋዜጣ በሩ ሥር ወድቋል። የዛሬውም ላዩ ላይ። የሕንፃው ኃላፊ በሩን እንዲከፍት ለመንኩት፤ "እስከ ነገ እንጠብቅ" አለ። ነገ ምን ሊያገኝ ነው?

ከሰዓት በኋላ ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ። ሲስል ሰማሁ! ተመስገን፣ በሕይወት አለ። አለ፣ ግን ለእኔ አይከፍትም። በእኛ ዕድሜ የተኳረፈ ሰው መታረቂያ ጊዜ ላያገኝ ይችላል። ይሄ ነው የሚያስፈራኝ።

ቅዳሜ

የሟቾቻቸው መታሰቢያ ቀን ነው። ጥቁር ኮቴን ለበስኩ፤ ቤቲን ንፍሮ አስያዝኳት።

"አባባ፣ ወንድምየው ከሞተ ፊፍቲ ይርስ አልፎታል እኮ!"

"እኔ የሰማሁት ረቡዕ ነው።"

"ሃሪ፣ ለቅሶ ልደርስ ነው የመጣሁት" አልኩ በበሩ። በሩ ተከፈተ። በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥኩ። እንደ አገራችን፣ ዝም። ቆሞ አየኝ። ፊቱ አመድ መስሏል። ቆይቶ ከፊቴ ተቀመጠና ንፍሮውን ዘገነ።

"ወንድሜን ማንም አፏጭቶ አልጠራውም" አለ። "ዕድሜውን ዋሽቶ ነው የተመዘገበው። እናቴ እስክትሞት ንጉሡን ስትረግም ኖረች። የንጉሡን ፎቶ ግን ከግድግዳው አላወረደችም።"

ስነሳ፣ "በእኛ አገር ለቅሶ ሦስት ቀን ነው" አልኩት።

"እንግዲያው ነገም ና፣ ጄኔራል" አለ።

እጁ ግን ስጨብጠው በጣም ቀዝቅዞ ነበር፤ አልወደድኩትም። ነገ ከቅዳሴ በፊት አንኳኳለሁ።