ተሸካሚ

ለምወድሽ ልጄ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽ ጠና? ጡትሽስ ሞላ? ያ አዲሱ እንግዳ እንቅልፍ ይሰጥሻል? እኔ ጉልበቴ ከሚሰድበኝ በቀር እግዜር ይመስገን ደህና ነኝ። ጎረቤት ልጻፍልህ ቢለኝ እምቢ ብዬ በገዛ እጄ ነው የጻፍኩት፤ ፊደሉ ቢንጋደድ አትሳቂ።

አባባ ምን አስቀየምኩህ፣ ለምን መጥተህ ልጁን አታየውም ብለሽ ልከሽብኛል። አላስቀየምሽኝም።

ትልቁን ልጅሽን፣ አለቃዬን፣ ማጅራት ገትር ከነጠቀን ወዲህ ሰፈሩ ውስጥ ሌሎች ሕፃናትም ታመሙ። የጤና ጣቢያ ሰዎች ቤት ለቤት እየዞሩ የሁላችንንም ጉሮሮ በጥጥ ጠርገው ለምርመራ ወሰዱ። እኔማ ጤነኛ ነኝ ብዬ በሩን ልዘጋባቸው ነበር። ነርሷ ግን፣ አባቴ አፍዎን ይክፈቱ አልኩ እንጂ ይሳደቡ አልኩ? ብላ አሳቀችኝና ከፈትኩላት።

በኋላ ተመልሳ መጣችና፣ አባቴ እርስዎ ተሸካሚ ነዎት አለችኝ። ደረቴን ነፍቼ፣ ማን ነገረሽ? በዚህ ጀርባ ላይ ያልወጣ ጆንያ የለም አልኳት። አልሳቀችም። ተሸካሚ ማለት እሱን ሳያመው በሽታውን በጉሮሮው ይዞ የሚዞር ሰው ነው ብላ ቀስ አድርጋ አስረዳችኝ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ? ጉሮሮም ኖሯል።

ማን ለማን እንዳስተላለፈ አይታወቅም ትላለች። ለሽበቴ አዝና ነው። አለቃዬን፣ ምግቡ ሲፋጅበት ማንኪያውን በአፌ እያበረድኩ የማጎርሰው እኔ አልነበርኩም?

የሞግዚቷ ጉሮሮ ንጹሕ ነው። አንቺ ነሽ ያመጣሽብን ብለሽ ያባረርሻት ሴት ማለቴ ነው። ሂጂና ይቅርታ ጠይቂያት፤ ብትሰድብሽም ዝም ብለሽ ስሚ።

መድኃኒቱን ነርሷ ፊት ውጫለሁ። አሁን ነጽተዋል፣ ሄደው የልጅ ልጅዎን ይዩ ትለኛለች። እሷ የተማረች ናት፣ አትዋሽም። እግሬ ግን እምቢ አለኝ።

አንቺ ንቂ። ክትባቱን አታሳልፊበት። ሰውነቱ ቢግል፣ ጡት አልይዝ ቢል፣ ቢዝለፈለፍብሽ፣ ይነጋል ብለሽ አትጠብቂ፤ ታቅፈሽው ሩጪ። ጥርስ ሊያወጣ ነው የሚልሽን ሽማግሌ አትስሚ፤ ማንም ይሁን።

ጡትሽ አይንጠፍ። ከቤትሽ የልጅ ድምፅ አይጥፋ። ሕፃኑን ሳሚልኝ ልል ነበር። ተይው፤ በራስሽ ስም ሳሚው።

አባትሽ