አሮጊት የተባለችው ግድግዳ

ወልዴ፣ የኔ ጌታ፣ ካለህበት ሰላም ይብዛልህ።

ከተለየኸኝ ዓመት አልፎ ሁለተኛው ክረምት ሊገባ ነው። አባቴ ካህን ሆኖ ዳዊት ባያስደግመኝ ኖሮ ይህን ሁሉ ሆዴ ውስጥ ይዤ እፈነዳ ነበር። እንኳን ፊደል ቆጠርኩ።

ቤት ደህና ነው። ልጃችን ወርቄ ሁለተኛዋን ወለደች፤ አፍንጫዋ ያንተው ነው፣ እግዜር ይርዳት። ከአልጋዬ በላይ ያለው ጣሪያ ዛሬም ያፈሳል። የአገሩን ቤት ሁሉ ስታድስ «የኛ ለነገ» ትል ነበር፤ ያ ነገ ሳይመጣ ሄድክ። ባቡር ጣቢያው አጠገብ ለመንገደኛ የሠራሃት ትንሿ ጥላ ግን አለች። ከሁሩታ እህል ይዘው የሚመጡ ሴቶች ባቡሩ እስኪደርስ እዚያ ያርፋሉ። በቀደም አንዷ እግሯን ዘርግታ «ይህን የሠራ እጁ ይባረክ» ስትል ሰማሁ። የማን እጅ እንደሆነ አልነገርኳትም፤ እንባዬ ቀደመኝ።

አሁን ወደ በላቸው ልምጣ። ድሬዳዋ አርመኑ ግንበኛ ዘንድ አብራችሁ ንድፍ ተማራችሁ አይደል? አንተ ቤት መንደፍ ተማርክ፤ እሱ ባርኔጣ ማድረግ ተማረ። የአገር ገዥውን የባላምባራስን እህት ካገባ ወዲህ ደግሞ «መሐንዲስ» ካላሉት ዞር ብሎ አያይም።

ለሙት ዓመትህ «የወንድሜን ዳስ እኔ ካልተከልኩ» ብሎ ድርቅ አለ። ሐዘንተኛ ሴት ምን ትላለች? እሺ አልኩ። አንተ ዳስ ስትጥል ነፋስ የሚመጣበትን ጎን ዝቅ ታደርገው ነበር፤ የአዳማ ነፋስም በላዩ ተንሸራቶ ይሄዳል። እሱ የዳሱን ፊት የቤተ መንግሥት በር አሳከለው። ቋሚዎቹን በሸራ ጠቀለለ፣ ኖራ ቀባ፣ በከሰል መስመር አሰመረና የተጠረበ ድንጋይ አስመሰላቸው። ለሞተ ሰው ጸሎት የውሸት ድንጋይ! ባላምባራስ አንዱን መታ መታ አድርገው «ይህ ድንጋይ ከየት መጣ?» ሲሉ መዳፋቸው ነጭ ሆኖ ቀረ።

ፍትሐቱ አልቆ ሰው ማዕድ ሲቀርብ ነፋሱ መጣ። ሸራው ተላጠ፤ ኖራው እንደ ዱቄት ወረደ። የቄሶቹ ጥምጣም ድሮም ነጭ ነው፤ ጢማቸው ነው ጉድ ያፈላው። ገና ጢም ማብቀል የጀመረው ዲያቆን እንኳ በአንድ አፍታ ሽማግሌ መሰለ። የባላምባራስ ጥቁር ካባማ አይነሣ! ያን ሁሉ የደከምኩበትን ወጥ ደፋነው። በላቸው ምን ቢል ጥሩ ነው? «የዚህ አገር ነፋስ ሥርዓት አያውቅም።» በነጠላዬ አፌን ይዤ ሳቅሁ፤ ሰው ማልቀሴ መሰለው። ይቅር በለኝ፤ ብትኖር አንተም ትስቅ ነበር።

ይህን ያየ ሰው ይማራል ብትል፣ የለም። ሳምንት ሳይሞላ ሽማግሎቹ ተሰብስበው አንተ ጀምረህ የተውከውን የቤተ ክርስቲያኑን እድሳት ለዚሁ ሰው ሰጡት። የባላምባራስ አማች ነዋ!

ወባው ሲጥልህ የመጨረሻ ቃልህ ስለ እኔ አልነበረም፤ ስለዚያች የቤተ ክርስቲያኑ ክብ ግድግዳ ነበር። «ጣሪያው በስብሷል፣ ይቀየር፤ ግድግዳዋን ግን አደራ፣ እንዳያፈርሷት» አልከኝ። ያኔ ቅር ብሎኝ ነበር። ቢሆንም አደራ አደራ ነው።

በላቸው ከቅዳሴ በኋላ ምእመኑ ፊት ቆመና ባርኔጣውን በብብቱ ይዞ ጀመረ። «አሮጌ ግድግዳ ማለት አሮጊት ናት። ብትኳል፣ ብትቀባ፣ አሮጊት ናት። አፍርሰን እንደ አዲስ አበባው ባለ አራት ማዕዘን እንሠራለን።» ይህን ሲል ዓይኑ ወደ እኛ ወደ ሴቶቹ ነበር። ወንዶቹ ሳቁ።

መቼም ታውቃለህ፣ ለቤተ ክርስቲያን ሥራ ኖራውም ጭቃውም የሚቦካው ሴቶች በጀርባችን ባመጣነው ውሃ ነው። ደንቡ ነው፤ ማንም አያዘንም፣ ማንም አያስቀረንም። ውሃው ደግሞ ሩቅ ነው። ከቅጥሩ ስንወጣ ጎረቤታችን አደ ጫልቱ፣ ያቺ ስትናደድ አማርኛውን ትታ በኦሮምኛ የምትወርደው፣ የልቧን ከተናገረች በኋላ ወደ እኔ ዞረች።

«አስካለ፣ እኛ አሮጊት ነን አይደል?»

«ተብለናል።»

«አሮጊት ደግሞ ወገቧን ያማታል።»

በማግሥቱ አንድም እንስራ ከደጅ አልወጣም። ኖራው እንደ ተቆለለ፣ ሠራተኛው እጁን አጣጥፎ ዋለ። በላቸው በየቤቱ ይዞር ጀመር። «እናቶቼ» ይለናል፤ ትናንት አሮጊት፣ ዛሬ እናት! ጫልቱ በሯ ላይ ወገቧን ይዛ «ወይኔ ወገቤን! ቆንጆዎቹን አሸክም እንጂ» አለችው። ቆንጆዋ የራሱ ሚስት ናት፤ የባላምባራስን እህት እንስራ ሊያሸክም ነው? ከባቡር ጣቢያው ሦስት ወንዶች ቀጥሮ ነበር። ወንድ ውሃ ተሸክሞ በመንደር ሲያልፍ ልጃገረዶቹ እልል እያሉ ሸኟቸው፤ ሁለተኛ አልተመለሱም።

በመጨረሻ ባላምባራስ ራሳቸው እኔ ቤት ድረስ መጡ። «ምንድን ነው የምትፈልጊው?» አሉኝ። «እኔ ምንም አልፈልግም ጌታዬ። የሚፈልገው ወልዴ ነው። ግድግዳዋ ትቁም፣ ጣሪያው ይቀየር፤ ያን ዕለት ወገባችን ይድናል» አልኳቸው። የካባቸው ጥልፍ ውስጥ የዳስህ ኖራ እስከዚያ ቀን አልለቀቀም ነበር። እሱን አየሁት፤ ሳየው አዩኝ። «እንግዲያው ትቁም» ብለው ወጡ።

ቆማለች ወልዴ። የበሰበሰው ሣር ወርዶ ቆርቆሮ ለብሳለች፤ ልክ አንተ እንደ ነደፍከው። በላቸው አሁን ለመጣው እንግዳ ሁሉ «የአባቶች ሥራ አይፈርስም ብዬ ያዳንኳት እኔ ነኝ» እያለ ያስጎበኛል። ይበል። የሱ ነገር ድሮም ሸራ ነው፤ ነፋስ እስኪመጣ ነው።

ጆሮህን ግድግዳዋ ላይ ለጥፈህ፣ በጣትህ አጥንት ቋ ቋ እያደረግህ፣ «ታስላለች እንጂ አልሞተችም» ስትለኝ ትዝ ይለኛል። ቦታው በሰሜኑ በር በስተግራ ነው። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ስወጣ እዚያው ላይ ቋ ቋ አደርግልሃለሁ። እግሬ እስከቻለ አላስታጉልም፤ እግሬ ሲደክም ለወርቄ አሳያታለሁ። ስማኝ እንግዲህ።

በላቸው እዚያ ቆሜ ሲያገኘኝ ባርኔጣውን አንሥቶ «እንደምን አደሩ፣ እናቴ» ይለኛል። እኔም ወገቤን ያዝ አድርጌ «ደህና ነኝ፤ አልፎ አልፎ ብቻ ያመኛል» እለዋለሁ።

ያንተው አስካለ