የሰረዝኩት መስመር

ረቡዕ

እህቴ ሰናይት ናት። ሌላ ማንም ሊሆን አይችልም።

ሠርጓን ልታፈርስ ያሰበች የሬንተን ከተማ ልጅ ምክር ጠይቃ ጽፋልኝ፣ መልሴ የምክር ዓምድ የማዘጋጅበት መጽሔት ላይ ገና አልወጣም። ዛሬ የሐበሻ ሱቅ በርበሬ ስገዛ አንዲት ሴትዮ ጠጋ ብላ፣ "ቀለበቱን መልሺለት ማለትሽ አንጀቴን አራስሽው" አለችኝ። ፈገግ አልኩ። ግን ከየት ሰማችው? የልጅቷን ደብዳቤ ከእኔ ሌላ ያየችው ሰናይት ብቻ ናት፤ ከፖስታ ሳጥን የምታመጣልኝ እሷ ናት።

ይህንንም ኮምፒዩተሩ ላይ ነው የምጽፈው። ደብተር ሰው ይገልጠዋል።

ሐሙስ

የልጄ ሰማንያ ቀን እሁድ ይሞላል። የክርስትና እናቷ ደግሞ ሰናይት። አፏን የማትይዝ ሴት ልጄን ትታቀፍልኝ?

ምን ልልበስ ልትለኝ ኮል አደረገች። "ቢዚ ነኝ" ብዬ ዘጋሁባት። ባሌ ዳንኤል "ጠይቂያት እንጂ" ይላል። ምን ብዬ?

አርብ

ልጄን ሳጠባ ትዝ አለኝ። "ቀለበቱን መልሺለት" የሚለውን እኮ ሰርዤዋለሁ! ከረረብኝና ማክሰኞ እዚሁ ስክሪኑ ላይ አጠፋሁት። ወረቀት አልነካም። ሰናይት ከየት ታየዋለች?

ሶ፣ ዳንኤል ይሆን ያወራው? ምሳ ሲበላ አፍ አፉን አየሁት። "ምን ሆንሽ?" አለ። ሳህኑን አነሳሁበት።

ቅዳሜ፣ በእስክሪብቶ

ጎረቤታችን እትዬ አስካለ አጥሚት ይዘው መጡ። "ታዝቤሻለሁ" አሉኝ። "ጽሑፍሽ በቴሌቪዥን ሲወጣ ለእኔ አይነገርም? እኔ ለማኅበራችን ሴቶች ሁሉ አወራሁልሽ።"

አሮጌ ቴሌቪዥናቸው ግድግዳችንን ተደግፎ ነው የተቀመጠው። አንቴናውን ወደኛ ሲያዞሩ ባዶው ቻናል ላይ አማርኛ ይመጣል፤ ይንሸራተታል፣ ግን ይነበባል አሉ። አላመንኩም። ወደ ቤታቸው መለስኳቸውና ኮምፒዩተሩ ላይ ጻፍኩ፦ እትዬ፣ ግድግዳውን ሦስቴ ይምቱ።

ኳ። ኳ። ኳ።

"ስክሪኑ ማንም ሳያዘው ሞገድ ይረጫል፤ የእሳቸው አንቴና ይለቅማል" አለ ዳንኤል። ፊደሉን ደግሞ ለዓይኔ ብዬ አተልቄዋለሁ። ኮምፒዩተሩን ነቅዬ አልጋ ሥር ከተትኩት።

እትዬ ተመልሰው በሩ ላይ ቆሙ። "የሰናይት ነገር ግን አላማረኝም። ሰው እህቱን በቴሌቪዥን ያማል? ደውዬ ነገርኳት።"

ሰናይት ጋ አምስቴ ደወልኩ። አታነሳም።

እሁድ

ሰናይት ነጭ ለብሳ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቀድማን ቆማለች። ልናገር አፌን ስከፍት እጇን ዘርግታ ልጄን ወሰደችብኝ። "የመጣሁት ለእሷ ብዬ ነው" አለች። "አንቺ ቢዚ ነሽ።"

ልጄን እስከ ከሰዓት ከእቅፏ አላወረደቻትም። እኔን ቀና ብላ አላየችኝም።