ቫርኒሽ የተቀባው ድቤ

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 6
ቀኑን ሙሉ ዝናብ። ያጠብኩት ልብስ አልደረቀም።
ድቤዬን ከሙዚቃ መሣሪያ ሱቁ አመጣሁ። ባለፈው ወር ቆዳው ተቀዶብኝ ነበር። ባለ ሱቁ ሙጂብ፣ “አዲስ አደረግሁልዎት፣ እትዬ ነኢማ” አለ። እውነትም ያብረቀርቃል። አመስግኜ ወጣሁ። እዚያው መታ መታ አድርጌ ባየው ምን ነበር? ሰው ፊት አፈርኩ...

ረቡዕ፣ ነሐሴ 7
መታሁት። ድምፁ ቆርቆሮ። ቆዳውን እንደ ጊታር ቫርኒሽ ቀብቶታል።
መውሊድ ነሐሴ 30 ነው። የሰፈራችንን ሴቶች መንዙማ የሚያወጡት እማማ ፋጡሜ ናቸው። ዘንድሮ ትንፋሻቸው ያጥራል። ሲያጥራቸው እኔ በድቤው እይዝላቸዋለሁ፤ አርፈው ይቀጥላሉ። ጎረቤቴ ኢልሃም በስፒከር ይሁን ብትላቸው፣ “ስፒከር እኔን አይጠብቀኝም” አሉ። ድቤው ከሌለ አላወጣም ብለዋል። ምን ይዋጠኝ?

አርብ፣ ነሐሴ 9
ኢልሃም ሳቀችብኝ። “አንቺ ድመት ብትረግጪ ሳምንት ይቅርታ የምትጠይቂ ነሽ። እኔ ሄጄ ልጩህበት?”
እምቢ አልኩ። ግን እኔስ ምን እላለሁ?

ሰኞ፣ ነሐሴ 12
ሄድኩ። ቁጭ አልኩና ድቤውን ጭኔ ላይ አድርጌ መታሁለት። ኦርጋን ሲሞክሩ የነበሩ ሰዎች ዞረው አዩኝ። የሙጂብ ፊት ተለወጠ።
“እንዲያምርልዎት ብዬ ነው” አለ። ቆይቶ ደግሞ፣ “የማውቀው ጊታር ነው፣ እትዬ። ይሄን አልችልም ማለት ነበረብኝ።”
እንዲህ የሚል ስንት ሰው አለ? የያዝኩበት ቂም ሁሉ ወጣልኝ። ሰንበቴ ከተማ ድቤ የሚወጥሩ ሽማግሌ አሉ አለኝ። እሁድ ሱቁን ዘግቶ ሊወስደኝ ነው።

እሁድ፣ ነሐሴ 18
ሰንበቴ ዋልን። ሽማግሌው አባ ዓብዱ ገና ሲያዩት፣ “ይሄን ደግሞ እንደ ጫማ ቀለም የቀባው ማነው?” አሉ። ሙጂብ አንገቱን ደፍቶ፣ “እኔ ነኝ፣ አባ” አለ።
የእሳቸው እጅ ይንቀጠቀጣል። መወጠር ትተዋል። “እኔ አፍ አለኝ፣ አንቺ እጅ አለሽ” አሉኝ። ውሃ ውስጥ ያደረ የፍየል ቆዳ አወጡ። እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እስባለሁ፣ ሙጂብ ይይዝልኛል። ሁለቴ አመለጠን። ሁለቴም ፍቱት አሉ፣ ሳይቆጡ። በሦስተኛው በጣታቸው መቱት። “ጋሪዳ” አሉ፣ ጥሩ ነው ማለታቸው። ጥላ ውስጥ ይድረቅ፣ እሳት እንዳታስጠጊው ብለውኛል።
ማንበብ የተማርኩት ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ነው። አስተማሪ ኖሮኝ አያውቅም። ዛሬ አንድ ቀን ኖረኝ። አላህ ዕድሜያቸውን ያርዝመው።

ሰኞ፣ ነሐሴ 26
ደረቀ። ድምፁ ከድሮው ትንሽ ወፍሯል። አልሃምዱሊላህ።

ቅዳሜ፣ ጳጉሜን 1
ትናንት እማማ ፋጡሜ አወጡ። ሦስት ጊዜ ትንፋሽ አጠራቸው። ሦስቴም ያዝኩላቸው። ሲጨርሱ እጄን ፈልገው ጨበጡኝ፤ ለረጅም ጊዜ አልለቀቁኝም። ሙጂብ ከወንዶቹ በኩል ሲያዳምጥ ነበር አሉ።

ማክሰኞ፣ መስከረም 6
ሙጂብ ደወለ። ከጨፋ አንድ ሰው የተቀደደ ድቤ አምጥቶበታል። “የሚወጥር ሰው እዚሁ ከሚሴ ከተማ ውስጥ አለ ብዬዋለሁ” አለኝ።
“ማነው?” አልኩት።
ሳቀ። እኔም ገብቶኝ ሳቅሁ።
ቆዳ ገዝቼ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፌያለሁ።