የተላጨ ጉንጭ

ሙሌ ሆዴ፣

እንዴት ሰነበትክ ብዬ እንዳልጠይቅህ መልሱ አይመጣም። እኛ አለን። አርባህን ካወጣን ገና ሳምንት አልሞላንም፤ ለካ ድካም የሚመጣው ሰዉ ከተበተነ በኋላ ነው። ሰፈራችን ካሳራኒ ያው ነው፤ የማታቱ ሚኒባሱ ይጮኻል፣ መብራቱ ይጠፋል። ወንበርህ ላይ ግን አሁን ካርቶን ተቀምጧል።

ካርቶኑ ምን መሰለህ? የሠራነው የሕፃናት የኦክስጅን ጭምብል ነው። ሆስፒታሉ መለሰብን። የሲሊኮኑ ጠርዝ የጨቅላዎቹን ጉንጭ ይፍቃል አሉ። አንድ ዕድል ሰጥተውናል፤ የሚቀጥለውም ከተመለሰ በቃ፣ ማሽንህን ሸጠን መዝጋት ነው።

ልጅህ አቤል ማሽኑን አልፈራውም። ሲሊኮኑን ቅርጹ ውስጥ ይጨምራል፣ ሙቀቱን ይጠብቃል፣ ትርፉን ይከረክማል፣ ልክ እንዳስተማርከው። የተያዘው መጨረሻው ላይ ነው። አንተ እያንዳንዷን አንስተህ ጉንጭህ ላይ አድርገህ ዓይንህን ትጨፍን አልነበር? እሱ ለሐዘንህ ጺሙን አሳድጓል፤ እስከ ሙት ዓመትህ አልነካውም ብሏል። ጭምብሉን ጺሙ ላይ ያሻሽና "አኪ፣ የምሬን ነው ማሚ፣ ምንም አይሰማኝም" ይለኛል። እኔ ልሞክር ብል ደግሞ፣ ለቅሶህ ላይ የነጨሁት ፊቴ ገና አልሻረም፤ ነጠላዬ እንኳ ይኮሰኩሰኛል። ደህናውንም መጥፎውንም ጣልኩት። ሐዘንህ ሥራህን አላሠራን አለ፣ ሙሌ።

ያኔ እናትህ ያረፉ ጊዜ ትዝ አለኝ። መርዶ በሰማህ ማግስት ተላጭተህ ወጣህ። የማኅበራችን ሴቶች "እናቱ ሞታ እንደ ሙሽራ ይላጫል እንዴ!" እያሉ ሲያሙህ ወደ ሥራህ ሄድክ። ምሳህን ይዤ ስመጣ ግን አየሁህ፤ ጭምብሏን ጉንጭህ ላይ ይዘህ፣ ዓይንህን ጨፍነህ፣ እንባህ በጠርዟ ይወርዳል። "ይቺ ረጥባለች፣ አትሄድም" ብለህ ወደ ጎን አስቀመጥካትና ሌላ አነሳህ። "ጺም ያለበት ጉንጭ ደንቆሮ ነው" ያልከኝም ያን ቀን ነው።

ትናንት ለአቤል ይህንኑ ነገርኩት። ዛሬ ጠዋት ከመታጠቢያ ቤት ምላጭ ገንዳውን ቋ ቋ ሲያደርግ ሰማሁ፤ አንተ ነበርክ እንዲያ የምታራግፈው። ተላጭቶ ወጣ፣ ቁርጥ አንተን። ካርቶኑን ከወንበርህ አነሳና ተቀመጠበት። አንዷን ጉንጩ ላይ አድርጎ "ይቺ ትቧጥጣለች" አለና ጣላት። ሁለተኛዋ ለስላሳ ሆነችለት መሰለኝ፣ ደህናዎቹ በሚቀመጡበት አኖራት። ሦስተኛዋን ግን ይዟት ቆየ፣ ቆየና ወደ ጎን ለብቻዋ አስቀመጣት። ጠርዟ ረጥቦ ነበር።

እሁድ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ሰው አይቶት "ምነው እንዲህ ቶሎ ረሱት" ይለን ይሆናል። ይበል። ደክሞኛል። እዚህ ቤት ግን ጠዋት ጠዋት ያ ምላጭ ቋ ባለ ቁጥር ስምህ ይጠራል።

ያንተዋ አስቴር